ለተራመደ ይከፈላል

አንድ ገበሬ ነበረ። እናቱን በጀርባው አዝሎ ከወጌሻ ደጅ የተመለሰ ሰው ነው። ሐኪሙ ልጄ፣ ለጠየቅኸኝ ነገር መልሱን ከዚህ ሰው ንዴት ስማው።

በዚያ አገር ሕዝቡ በየመኸሩ ወደ አንድ ጎተራ እህል ያዋጣ ነበር። ለምን ቢሉ፣ አጥንቱ የተሰበረ ሁሉ፣ ሀብታም ሆነ ድሃ፣ እንዲታሽ፤ ወጌሻውም ድርሻውን ከጎተራው እንዲያገኝ ነው። መጀመሪያ የአገሩ ገዢ የሚከፍለው በእሽቱ ብዛት ነበር። ወጌሻውም አሸ። ወለም ያለው ጣት ሰንብቶ እንዲመለስ ይቀጠራል፤ የዳነው ክንድ ይፈታና እንደገና ይታሰራል። ሰዉ «የወጌሻችን ቤት የቆመው በእኛ ቁርጭምጭሚት ነው» እያለ ይሳለቅ ጀመር።

ገዢው ይህን ሲሰማ ተቆጣ። «ከእንግዲህ ለታሸ አልከፍልም፤ ለተራመደ እንጂ» ብሎ አዋጅ አስነገረ። በየበዓሉ የታሹት ሰዎች በሽማግሌዎች ፊት ከዋርካው እስከ ገበያው በር ይራመዱ ነበር። የተራመደው የወጌሻውን ድርሻ ያበዛለታል፤ መራመድ ያቃተው ይቀንስበታል።

እውነቱን እንናገር፣ አዋጁ መልካም ነበር። ወጌሻው የማያስፈልገውን እሽት ተወ። የታመሙትን ቤታቸው ድረስ እየሄደ ያይ ጀመር። ቶሎ ሸክም ያነሳውን ይቆጣል፤ ሚስቶችንም «ይህን ሰውዬ እንዳይነሣ ያዙልኝ» ይላል። ብዙ ሰው ዳነ።

የገበሬው እናት ግን አሮጊት ነበረች። ከጓሮ ዳገት ላይ ተንሸራትታ ዳሌዋ ተሰበረ። ገበሬው አዝሎ ወሰዳት። ወጌሻው ዳበሳትና እጁን ሰበሰበ።

«ይህ ከእኔ በላይ ነው። ወንዝ ማዶ ያለው ይሻላችኋል።»

ወንዝ ማዶ ያለውም ዳበሳትና «እናንተ ሰፈር ወጌሻ የለም እንዴ?» ብሎ መለሳቸው። እናቱ በልጇ ጀርባ ላይ ጥርሷን ነከሰች። ገበሬው ወደ መጀመሪያው ተመለሰ።

«እውነቱን ንገረኝ። አይሆንላትም?»

«ይሆንላታል» አለ ወጌሻው፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «ባሻት ሕመሙ ይቀልላታል፤ ተደግፋ ቁጭ ትላለች፤ ምናልባትም ደጃፍ ትወጣለች። ከዋርካው እስከ ገበያው በር ግን አትራመድም። እኔስ ልጆች የሉኝም ወይ፣ ወንድሜ?»

«እናቴ የጉግስ ፈረስ መሰለችህ?»

«እኔን አትቆጣኝ። አዋጁን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።»

ገበሬው እናቱን አዝሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ቁጣው ግን አልበረደም፤ እያደር ባሰበት። ለዚያ ጎተራ ዕድሜዋን ሙሉ ስታዋጣ የኖረችው እናቱ ናት፤ አንድ ቀን እንኳ ወለም ብሏት የማታውቅ ሴት።

በዓሉ ደረሰ። ገዢው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ሽማግሌዎቹ ዳር ዳሩን ያዙ፤ የዳኑት ከዋርካው ሥር ተሰለፉ። ያን ጊዜ ገበሬው እናቱን አምጥቶ ከመንገዱ መካከል አጋደማት። መንገዱ በሁለት የድንጋይ ካብ መሐል የሚያልፍ ጠባብ ነበርና በጎን ማለፊያ አልነበረውም።

ፊተኛው ሰው መጣ፤ እግሩን አነሣ፤ መልሶ አወረደው። ተከታዩም ቆመ። የተኛ ሰው ተራምዶ ማለፍ፣ ያውም አሮጊት፣ በዚያ አገር ትልቅ ነውር ነው።

«እማማ፣ እስቲ ትንሽ ይጠጉልን» አለ አንዱ።

«መጠጋት ብችል እዚህ ምን አመጣኝ?» አለችው።

ገዢው ከወንበሩ ተነሣ። «ምንድን ነው ይህ? ለምን አይራመዱም?»

«ነውር ነው ብለው ነዋ፣ ጌታዬ!» አለ ገበሬው። «እነዚህ በእግራቸው ሊራመዷት አፈሩ። ወጌሻው ግን በደጁ ተራመዳት፤ ማዶ ያለውም ተራመዳት። ያራመዳቸው የእርስዎ አዋጅ ነው። ለተራመደ ይከፈላል አላሉም? ይክፈሏቸው እንግዲህ!»

ወጌሻው ከሰው መሐል ወጥቶ ከአሮጊቷ አጠገብ ተንበረከከ። ገዢው አዋጁን አልሻረውም፤ አረመው እንጂ። «ከእንግዲህ ሽማግሌዎች በሽተኛውን ድኖ በሚራመድበት ቀን ብቻ ሳይሆን ከወጌሻው ደጅ በሚደርስበትም ቀን ይዩት። በሸክም መጥቶ ቁጭ ያለው፣ እያነከሰ መጥቶ ከሮጠው እንዳያንስ» አለ።

አሮጊቷ ታሸች። ነገር ግን አጥንቱ ጠሞ ሊይዝ ጀምሮ ነበርና ደጃፍ መውጣት አልሆነላትም። ቁጭ አለች፤ ያ ብቻ። ገበሬውም ገዢውን አላመሰገነም።

እንግዲህ ልጄ፣ «የጤና መድኑ ከአሁን ወዲያ የሚከፍለን ባየነው ሰው ብዛት ሳይሆን በተሻለው ሰው ነው፤ ስኳሩም ግፊቱም ኩላሊቱም የተደራረበባቸውን ሌላ ቦታ ብልካቸው ምን አለበት?» አልከኝ። ምን እንዳለበት ነገርኩህ። ጎተራው መድንህ ነው፤ ወጌሻው አንተ ነህ። ለተሻለው መክፈል ክፉ አይደለም፤ እሽት ከመቁጠር እጅግ ይሻላል። በሽተኛው ከየት እንደተነሣ የማይመዝን ክፍያ ግን ሐኪሙ በሽተኛውን ተራምዶ እንዲያልፍ ያደርገዋል። ይህን ክፍያውን ለሚወስኑት ንገራቸው፤ ጮኸህ ንገራቸው። እስኪያርሙት ድረስ ግን በሽታ ቆሞ አይጠብቅም። ነገ በሽታ የተደራረበባት ሴት ደጅህ ስትደርስ፣ እግርህን ከማንሣትህ በፊት ወደ ታች እይ።