ዘሩ ዱባ የሆነው ጎሽሜ

ድሮ ነው፤ በጣም ድሮ። ዛሬ አይሱዙ እያጓራ የሚወጣው ዳገት የነብር ማደሪያ በነበረበት ጊዜ፣ መንደር ከመንደር በቀንድ ጩኸት በሚጠራራበት ጊዜ። እኔ አላየሁም። የነገሩኝም አላዩም። ግን አንድ ነገር ሆኗል፤ ባይሆን ኖሮ ቅል አንገት ላይ ሰዉ እስከ ዛሬ ያንን ነገር አያደርግም ነበር። ጠጋ በሉና ስሙኝ።

ቅል አንገት የምትባል መንደር ነበረች፤ አሁንም አለች። ሁለት ተራራ መሃል የተሰነቀረች ወገበ ቀጭን መንደር ናት። ላይኞች አሉ፣ ታችኞች አሉ። ላይኞቹ ባቄላና ገብስ ይዘራሉ። ታችኞቹ ማሽላና ሽምብራ ይዘራሉ። መሃል ላይ አንድ ትልቅ ሾላ አለ። ከሾላው ጎን አንድ ቋጥኝ አለ። ቋጥኙ ላይ ወጥቶ አዋጅ የሚለፍፈው ጎሽሜ ነበር።

ጎሽሜ የማን ልጅ ነው? እሱም አያውቅም። ሲራራ ነጋዴ ጨው ጭኖ ሲያልፍ ሾላው ስር አደረ። ሲነጋ ነጋዴው የለም፣ ሕፃኑ አለ። ይርሳው ይጣለው፣ ለማንም አልገባ። የመንደሩ ሴቶች እየተቀባበሉ አሳደጉት። አደገ፤ ግን አባት የለው፣ አጎት የለው፣ ርስት የለው። በዚያ ዘመን መሬት የሚገኘው የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ የልጅ ልጅ ተብሎ ተቆጥሮ ነው። እሱ ማንን ይቁጠር? ድምፅ ግን ነበረው። ሲጣራ ማዶ ያለች ፍየል ሣሯን ትታ ቀና ትላለች። ስለዚህ ቀንድ ሰጡት፣ ሾላው ስር ጎጆ ቀለሱለት፣ ለፋፊ ሆነ። ከጎጆው ጀርባ ቁርበት የምታህል ጓሮ ነበረችው። ዱባ ይተክልባታል። ነገር ቶሎ ስለማይገባው ራሱንም «ዱባው» ይሉታል። ሲስቁ አብሮ ይስቃል። ምን እንደሚያስቃቸው ግን አይገባውም።

አንድ ዘመን ምድሩ ታከተው። ታችኞቹ ማሽላ በማሽላ ላይ፣ ላይኞቹ ገብስ በገብስ ላይ ሲዘሩ ኖረው አፈሩ አመድ ሆነ። ተምች መጣ። በረዶ መጣ። በየጎታው ሥር የቀረችው ለዘር የምትሆነው ብቻ ናት። የመንደሩ አለቃ፣ ጭቃ ሹም ቢተው፣ ሲያስቡ ከርመው አንድ ነገር መጣላቸው። የላይኛው ዘር ታች ይውረድ፣ የታችኛው ላይ ይውጣ፣ ምድሩ አዲስ ነገር ይቅመስ አሉ። ይህ ካልሆነ ለከርሞ እዚህ የሚቀረው ሾላው ብቻ ነው አሉ። ጎሽሜን ጠሩት።

«ስማ ዱባው። ቅዳሜ ሁሉም ዘሩን ይዞ ሾላው ስር ይምጣ በል። አንዲት ቃል እንዳትጨምር፣ አንዲት ቃል እንዳትቀንስ።»

«እሺ ጌታዬ።»

ጎሽሜ ቋጥኙ ላይ ወጣ። ቀንዱን ነፋ። «ሁሉም ዘሩን ይዞ ይምጣ!» አለ። አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

ቅዳሜ ደረሰ። ሰው መጣ። ምን ዓይነት ሰው! ከወንዝ ማዶ አጎት መጣ፣ የአጎት አማች መጣ፣ የአማች ወንድም መጣ። ትውልድ ቆጣሪ ሽማግሌ በቃሬዛ ተሸክሞ ያመጣም ነበር። ዱላ ያልያዘ ወንድ የለም። ምን ይደረግ? ዘራችሁን ይዛችሁ ኑ ተባሉ፣ ርስት ሊከፈል ነው አሉ፣ ዘራቸውን ይዘው መጡ።

ከላይኞቹ አያ ደምሌ የሚባል ግስላ የመሰለ ሰው ነበር። ሾላውን በዱላው መታ አደረገና «ይህ ሾላ ያያቴ ያያት ነው!» አለ።

ከታችኞቹ እመት ስንዱ ብድግ አሉ። እሳቸው ባልቴት ናቸው፣ ምላሳቸው ግን ገና ጎረምሳ ነው። «ያንተ ያያት አያት ንፍጡን በእጁ ሲጠርግ የኛ ሰው እዚህ ጥላ ሥር ፍርድ ይሰጥ ነበር!» አሉ።

ደምሌ ተቆጣ። የስንዱ ወንድሞች ተቆጡ። ዱላው ወደ ላይ ወጣ። ጎሽሜ ቋጥኙ ላይ ቆሞ ያያል። ግራ ገባው። ዘር ተባለ፤ ዘሩ የታለ? ይህ ሁሉ ሰው ለምን መጣ?

ደምሌ ዞር ብሎ አየው። «አንተስ? አንተ ለፋፊ! ያንተ ዘር የታል?»

ጎሽሜ ተጠየቀ፣ መለሰ። ዘር የያዘበትን ቅል ዘቀዘቀና መዳፉ ላይ የዱባ ፍሬ ዘረገፈ። «ይኸው» አለ።

ቃሬዛው ላይ የተኙት ሽማግሌ ሳቁ። ሳቁ፣ ሳቁ፣ ከቃሬዛው ሊወድቁ ሆነ። «ዘሩ ዱባ ነው! ይኸ ሰው ዘሩ ዱባ ነው!» አሉ። ላይኛው ሳቀ፣ ታችኛው ሳቀ። እየሳቀ የሚማታ ሰው የት አለ? ዱላው ወረደ። ሁሉም ዘመዱን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። አንዲት ፍሬ ግን ከላይ አልወረደችም፣ አንዲት ፍሬም ከታች አልወጣችም።

ጭቃ ሹሙ ጎሽሜን ጠሩት። «ያንን ቃል ተወው፣ እሳት ነው። እህል በል። ሁሉም ከቤቱ እህል ይዞ ይምጣ በል።»

ጎሽሜ ቋጥኙ ላይ ወጣ። ቀንዱን ነፋ። «ሁሉም ከቤቱ እህል ይዞ ይምጣ!» አለ። አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

ቅዳሜ ደረሰ። ሰው መጣ። አንዱ ገንፎ ይዟል። አንዱ ቂጣ ይዟል። አንዱ ቆሎ ይዟል። እመት ስንዱ የሽምብራ ንፍሮ በትልቅ ገበቴ ተሸክመው መጡ። ንፍሮ ደግሞ የለቅሶ እህል ነው። ከሩቅ ያየችው አንዲት ሴት «ወይኔ! ማን ሞተ?» ብላ ደረቷን መታች። እሷን ያየ አለቀሰ። እሱን ያየ አለቀሰ። ማን እንደሞተ ሳያውቅ ስንቱ ተነፋረቀ! ጎሽሜም አለቀሰ። እንባውን እየጠረገ ወደ እመት ስንዱ ጠጋ አለ።

«እመት፣ ማነው የሞተው?»

«እኔ ምን አውቄ! የጠራኸን አንተ አይደለህ እንዴ!»

ጎሽሜ ግራ ገባው። የሞተ ሰው ተፈለገ፣ ጠፋ። ሁሉም ተቆጠረ፣ ሁሉም አለ። ምግቡ ደግሞ ቀርቧል። ምን ይደረግ? ተበላ። አያ ደምሌ እፍኝ ሙሉ ሽምብራ ቃመና ዓይኑን ጨፈነ።

«ይህን የቀቀለው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ምነው? አነቀህ?» አሉ ስንዱ።

«ሽምብራ እንዲህ ይጣፍጣል እንዴ?»

«ወዴት ታውቀዋለህ! ዕድሜህን ገብስ ስትቆረጥም።»

ጭቃ ሹሙ ደረሱ። ገበቴውን አዩ፣ ድስቱን አዩ። ራሳቸውን ያዙ። «የተቀቀለ ይበቅላል? የተቆላ ይበቅላል? ጎሽሜ!»

«አቤት ጌታዬ።»

«ምግብ አልኩህ?»

«እህል ነው ያሉኝ። እህል ነው ያልኩት።»

እውነቱን ነው። ጭቃ ሹሙም እውነቱን እንደሆነ ያውቃሉ። ግን የተናደደ ሰው የሚቆጣበት ሰው ይፈልጋል። «ደመናው ደርሷል» አሉ። «አንድ ቅዳሜ ነው የቀረን። የኔ ቃል አልሠራም፤ ቃሉን ራስህ ፈልግ። ይህም ከከሸፈ ቀንዱን አስቀምጠህ በመጣህበት ትሄዳለህ።»

«በየት ነው የመጣሁት?» አለ ጎሽሜ።

ቀልዱን አልነበረም። አያውቅም። ጭቃ ሹሙም አያውቁም። ጀርባቸውን ሰጥተው ሄዱ።

ጎሽሜ ሳምንቱን ሙሉ ቃል ሲፈልግ ሰነበተ። ፍሬ ልበል ይላል፤ ልጆቻቸውን አዝለው ቢመጡስ? ቡቃያ ልበል ይላል፤ ማሳውን ነቅለው ቢመጡስ? አያ ደምሌን መንገድ ላይ አገኘው። «አያ፣ የሚዘራ ይዛችሁ ኑ ብልስ?» አለው። ደምሌ ሳቀበት። «ወሬ የምትዘራ አማት አለችኝ፣ አስሬ አመጣልሃለሁ» አለው። ጎሽሜ ግራ ገባው። ቃል ሁሉ ከአፉ ሲወጣ አንድ ነው፣ ሰው ጆሮ ሲገባ ሌላ ነው።

ቀኑ ደረሰ። ጎሽሜ ቋጥኙ ላይ ወጣ። ቀንዱን ነፋ። ላይኞቹ ከየደጃቸው ወጡ። ታችኞቹ ከየደጃቸው ወጡ። ጎሽሜ አፉን ከፈተ። ዘር ቢል ይፋጃሉ። እህል ቢል ይቀቅሉታል። አፉን ዘጋ። ደግሞ ከፈተ። ደግሞ ዘጋ። እንባው መጣ።

«ምን አለ?» አለ የላይኛው።

«ምንም አላለም» አለ የታችኛው።

«ምንም ማለት ምን ማለት ነው?»

ጎሽሜ ከቋጥኙ ወረደ። ከዱባው ፍሬ ሌላ የሚሰጠው አልነበረውም። ቅሉን አነሳና ወዳሳደጉት ሴቶች ደጅ ሄደ፤ ሳይሰናበታቸው እንዳይሄድ ነው። መጀመሪያ እመት ስንዱ ጋ ደረሰ። ከቅሉ የዱባ ፍሬ ዘግኖ መዳፋቸው ላይ አደረገ። አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

«ምን ሆነሃል አንተ ልጅ? ምን ላድርገው?» አሉ። ዓይኑን አዩ። ጭቃ ሹሙ ያሉትን ሰምተው ነበርና ገባቸው፤ ወይም የገባቸው መሰላቸው። «እህ! ሊያባርሩህ ነው! ሊሄድ ነው!» ብለው ጮሁ።

ቅል አንገት ላይ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ስንዱ ወደ ጓዳ ገቡ። ንፍሮ ሊጨምሩለት አሰቡ፤ ንፍሮ ሩቅ አያደርስም። ቆሎ ሊጨምሩለት አሰቡ፤ ቆሎ መንገድ ላይ ያልቃል። የሰው አገር ለሚገባ ሰው ምን ይሻለዋል? ከጎታው ሥር፣ ለራሳቸው ካስቀመጡት፣ ያልተነቀዘውን ሽምብራ ዘግነው ጨመሩለት። «የደረስክበት ዝራው» አሉት።

ወሬው ከጎሽሜ ቀድሞ ዳገቱን ወጣ። ጎሽሜ ሊሄድ ነው! የሰው አገር የሚዘራው ስጡት! ላይኞቹ ምርጥ ባቄላ አወጡ፣ ምርጥ ገብስ አወጡ። ታችኞቹ ምርጥ ማሽላ አወጡ። ቅሉ ሞላ። ቅሉ ቢሞላ ጎጆው ደጅ ቁርበት አነጠፉ። እዚያ ላይ ደፉለት። ቁርበቱ ቢሞላ ሌላ ቁርበት ቀጠሉ። አያ ደምሌ ራሱ አንድ ስልቻ ባቄላ ተሸክሞ መጣና ደፋው። «ሰድቤሃለሁ፣ ሌላ ምን ልበልህ» አለ፤ ፊቱን አዞረ። ባቄላው ከሽምብራው፣ ሽምብራው ከማሽላው፣ ሁሉም ከዱባው ፍሬ ጋር ተቀላቀለ።

ጎሽሜ ክምሩን አየ። ግራ ገባው። እንዲህ ግራ ገብቶትም አያውቅ።

ጭቃ ሹሙ መጡ። የመንደሩን ዘር በሙሉ፣ የላዩንም የታቹንም፣ አንድ ቦታ ተከምሮ አዩ። «ጎሽሜ! ምን ብለህ ነው ያመጡት?»

«ምንም አላልኩም ጌታዬ። እግዜርን፣ ምንም አላልኩም።»

ጠብ አለ። የሰኔ ዝናብ ነው፣ አንዴ ጠብ ካለ አይመለስም። ሰዉ ተንጫጫ። ይህን ሁሉ በምን ይሸከመዋል? እዚህ ከረጠበ ይበሰብሳል! ጎሽሜ ክምሩን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ ሰዉን አየ።

«የኔ ነው?» አለ።

«ያንተ ነው!» አሉት።

«እኔ እኮ መሬት የለኝም» አለ። «በየመሬታችሁ ዝሩልኝ።»

ዝናቡ ይንጠባጠባል። መጀመሪያ ያጎነበሱት እመት ስንዱ ናቸው። በነጠላቸው ጫፍ ከቅይጡ አፍሰው ወደ ማሳቸው ሮጡ። ደምሌ በስልቻው አፈሰ። ሁሉም አፈሰ። ለመለየት ጊዜ የለ፤ እንደተቀየጠ ተዘራ። የላይኛው ማሳ ላይ የታችኛው ዘር፣ የታችኛው ማሳ ላይ የላይኛው ዘር፣ ሁሉም ማሳ ላይ የጎሽሜ ዱባ።

ክረምቱ እንደ ልማዱ መጣ። በረዶው ባቄላውን መታ፤ ማሽላው ቆመ። ተምቹ ማሽላውን በላ፤ ሽምብራው ተረፈ። ከሥር ደግሞ ዱባው ሐረጉን ስቦ አፈሩን እንደ ጋቢ አለበሰው። ጥጋብ አልነበረም። አገር የለቀቀ ሰው ግን አልነበረም። ጭቃ ሹሙም ጎሽሜን ሂድ አላሉትም። እንዴት ይበሉት? በየሰዉ ማሳ ላይ አዝመራ ያለው ሰው፣ አዝመራውን ሳይሰበስብ ወዴት ይሄዳል? አጨዳው ሲያልቅ ደግሞ ለከርሞው ዘሩትለት። እንዲህ እንዲህ እያለ አረጀ። ነገሩ ገብቶት ነው ወይስ ሳይገባው ነው ያን ቀን እንዲያ ያለው? አንዳንዱ ገብቶታል ይላል። አንዳንዱ እስኪሞት ግራ እንደገባው ነው ይላል። እኔም አልለየልኝም።

እስከ ዛሬ፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል ባለው ቅዳሜ፣ ቅል አንገት ላይ አንድ ሰው ቋጥኙ ላይ ይወጣል። ቀንዱን ይነፋል። አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ምንም ሳይል ይወርዳል። ሰዉ ይመጣል። ከሩቅ ወረዳ ሳይቀር በአይሱዙ ተጭኖ ይመጣል። ፌስታል ይዞ የመጣ ይመለሳል፤ የሚፈቀደው ቅል ነው፣ ወይ ስልቻ ነው። ቁርበቱ ላይ ምርጡን ይደፋል፣ ቅይጡን ያፍሳል፣ የማሳውን አንድ ጥግ ለጎሽሜ ይዘራል።

የማታውቁት ሰው እዚያ አጠገባችሁ ቢቆም «ዘርህ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ላይኛ ነኝ አይልም፣ ታችኛ ነኝ አይልም። «ዱባ» ይላችኋል። ትስቃላችሁ። ይስቃል። ቦታ ይለቅላችኋል።

ወሬውን ተሸክሜ መጣሁ፣ እዚህ ደፋሁት። ያነሳ ይዝራው።