አያ ፍሎፒ አንባቢ ፍለጋ ወጣ

ተረት ልንገራችሁ። ቃሌ አጭር ነው፤ ጆሯችሁን ብቻ አውሱኝ።

ዕቃም እንስሳም እንደ ሰው በሚያወራበት ዘመን፣ ኮረብታ ላይ ባለች ከተማ፣ አንዲት አህያ ነበረች። እመቤቷ ወይዘሮ ጥሩሰው ትባላለች። ሴትዮዋ ውኃ ትቀዳለች፤ አህያዋ ትሸከማለች። ጠዋት ወደ ወንዝ፣ ቀትር ወደ ወንዝ፣ ማታ ወደ ወንዝ። በቀኝ ሁለት ጀሪካን፣ በግራ ሁለት ጀሪካን።

እመት አህያ ደግሞ አርግዛለች። አምናም አርግዛ ነበር፤ ዳገቱ ላይ ጨነገፈባት። "ዘንድሮም ወንዝ ለወንዝ ከዋልኩ ይሄኛውም አይተርፍልኝም" ትላለች።

ድሮ ከተማዋ ቦኖ ነበራት። መንገድ ሠሪዎች መጡ። ለሥራቸው ሲሉ ከመሬት ሥር ያለውን የቧንቧ መዝጊያ ዘጉ፣ አፈር መለሱበት፣ መንገዳቸውን ሠርተው ሄዱ። መክፈቱን ረሱት። መዝጊያው የት እንዳለ የሚያውቀው የቧንቧው ባለሙያ ጋሽ ጥላዬ ብቻ ነበር። እሱም ሞተ። የከተማው ሰው ሦስት ቦታ ቆፈረ። አንዱ ጉድጓድ ድንጋይ አወጣ። አንዱ ጉንዳን አወጣ። አንዱ ምንም አላወጣም።

አንድ ቀን ወይዘሮ ጥሩሰው አህያዋን እንደ ልማዷ ዋንዛው ዛፍ ሥር አሰረችና ፊት ለፊት ካለው መዝገብ ቤት ገባች። የመዝገብ ቤቱ ሹም አቶ ወርቅአገኘሁ ይባላል። ማህተሙ ከእጁ አይለይም።

"ጋሽ ወርቅአገኘሁ፣ ጋሽ ጥላዬ ስለ ውኃው የጻፈው ነገር የለም ወይ?"

"ነበረ። ወረቀቱን አይጥ በላው።"

"ሌላስ የለም?"

"ማመልከቻ ጻፊ፣ ይፈለጋል።"

"እኔ ማመልከቻ ሳጽፍ አህያዬ ትሞትብኛለች።"

"እሱንም ማመልከቻው ላይ ጥቀሺው።"

ሴትዮዋ ወጥታ ዋንዛው ሥር ተቀመጠች። አህያዋም አናፋች።

ይህን ሁሉ አያ ፍሎፒ ከመሳቢያ ውስጥ ሆኖ ሰማ። አያ ፍሎፒ ማለት ጥቁር፣ አራት ማዕዘን፣ ከመዳፍ የማይበልጥ ነገር ነው። ድሮ ኮምፒውተር የጻፈውን በሆዱ የሚያኖር እሱ ነበር። ሃያ ዓመት ከመሳቢያው አልወጣም።

"እመት አይጥ" አለ። አይጧ እዚያው ጥግ ላይ ጎጆ አላት። "አንቺ የበላሽው ወረቀት ወንድም እኔ ነኝ። ጥላዬ ያንኑ ቃል በሆዴም አኑሮታል።"

"ወረቀቱን የቀደድኩት ስወልድ ነው፤ ለልጆቼ መኝታ አጥቼ። አንተንም ሞክሬህ ነበር፤ ጥርሴ አልቻለህም።"

"እንኳን አልቻለኝ።"

አይጧ አሰበች። "የእኔ ልጆች በዚያ ወረቀት ላይ አደጉ። የአህያዋ ልጅ በዚያው ምክንያት ሊቀር ነው። በል ተነሥ፤ አንባቢ እንፈልግልህ።"

የምሳ ሰዓት ነበር። መዝገብ ቤቱ ጭር ብሏል። አይጧ ከተቆለፈው መሳቢያ በስተጀርባ ባለው ቀዳዳ አያ ፍሎፒን በጥርሷ እየጎተተች ከአዲሱ ኮምፒውተር ዘንድ አደረሰችው። አዲሱ ኮምፒውተር ቀጭን ነው፤ ያብረቀርቃል፤ ዳንቴል ለብሶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

"ጌታዬ፣ ይህን አንብብልን።"

"በየት በኩል ልጉረሰው? ለእሱ የሚሆን አፍ የለኝም።"

"አፍ የሌለህ ምን ትበላለህ?"

"እኔ ከአየር ነው የምበላው። ለመሆኑ የእሱ ሆድ ምን ያህል ይይዛል?"

"አንድ መጽሐፍ ቢሆን ነው" አለ አያ ፍሎፒ።

"እኔ ሺህ ጊዜ ሺህ መጽሐፍ እይዛለሁ።"

"እግዜር ይጨምርልህ። ውኃው የት እንዳለ የሚል አለበት?"

አዲሱ ኮምፒውተር ሆዱን ፈተሸ፤ አላገኘም። ቆይቶ "ዕቃ ቤት አንዲት ባለገመድ ሣጥን አለች። እሷ አፍ አላት። ገመዷን እኔ ላይ ከሰካችሁ የበላችውን ትነግረኛለች" አለ።

አይጧ ሣጥኗን ፈልጋ አመጣች። ገመዷን ሰካች። ሣጥኗ አያ ፍሎፒን ጎረሰችው። ክርር አለች፣ ክርር አለች፣ ተፋችው።

"ምነው?" አለች አይጧ።

"ከንፈሩ ተጣብቋል። አልከፍት አለኝ።"

አያ ፍሎፒ አፈረ። "የሹሙ ሥራ ነው" አለ። "ማህተም ያልተመታበት ነገር መዝገብ ቤት አያድርም አለና ፊቴን መታኝ። ጀርባዬንም መታኝ። ሦስተኛውን ከንፈሬ ላይ አሳረፈው።"

እውነቱን ነው። የከንፈሩን ቆርቆሮ የማህተም ቀለም ደርቆበት ጥርቅም አድርጎታል።

"የደረቀ ቀለም የሚለቀው በአረቄ ነው" አለች ሣጥኗ።

አይጧ ከጎረቤት አረቄ ቤት ጥጥ ነክራ መጣች፤ ጠረገችው። ደግማ ሄዳ ነክራ መጣች፤ ጠረገችው። በሦስተኛው ስትመለስ በግድግዳው ላይ ተደግፋ ነው።

"መንገዱ ዛሬ ሰፍቷል" አለች።

"ቀምሰሽ ነው እንዴ?" አለ አያ ፍሎፒ።

"ጥጡን በምን የያዝኩት ይመስልሃል?"

ቀለሙ ለቀቀ። ከንፈሩ ተከፈተ። ሣጥኗ ጎረሰችው፣ አነበበችው፣ ለአዲሱ ኮምፒውተር ነገረችው። አዲሱ ኮምፒውተር ፊቱን አበራ። ፊቱ ላይ የወጣው ግን መስቀል ነው፣ ኮከብ ነው፣ ባዶ ሣጥን ነው።

"ምን ይላል?" አለች አይጧ።

"የወፍ ቋንቋ ነው።"

"አማርኛ ነው" አለ አያ ፍሎፒ። "የዱሮው ኮምፒውተር አማርኛ። ያኔ አንተ አልተወለድክም።"

"ታዲያ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም ማለት ነው?"

"የእኔን አልቆጠርክም።"

ፊደል አለመቁጠር ነውር የለበትም፤ እኔም አልቆጠርኩም። ሁሉን ቆጥሬአለሁ ብሎ መኩራት ነው እንጂ።

አዲሱ ኮምፒውተር ግን ቅን ነበር። "ይህ ቃል የተጻፈበት ሽማግሌ ኮምፒውተር አለ" አለ። "ዕቃ ቤቱ ጥግ ነው። ወደ እሱ ሂዱ።"

ሄዱ። ሽማግሌው ኮምፒውተር እንደ ሣጥን ግዙፍ ነው፤ አቧራ ወርሶታል። አናቱ ላይ እመት ዶሮ ታቅፋ ተቀምጣለች።

"እመት ዶሮ፣ ተነሺልን" አለች አይጧ።

"አልነሣም። ሃያ ቀን ታቅፌአለሁ፤ አንድ ቀን ቀረኝ። ብነሣ እንቁላሌ ይበርዳል።"

"አህያዋም ነፍሰ ጡር ናት።"

"ታዲያ እሷ ልጇን ታትርፍ ብዬ እኔ የእኔን ላቀዝቅዝ?"

ይሄኔ ከሥር አንድ የጎረነነ ድምፅ ተሰማ። "አትነሺ፣ ዶሮ። እኔ ስነቃ እንደ ምድጃ ነው የምሞቀው። ብቻ ጅራትሽን ከፊቴ ላይ አንሺልኝ።"

ዶሮዋ ጅራቷን አነሣች። አይጧ ወጥታ ቁልፉን ተጫነችው። ሽማግሌው ሳለ፣ አቧራ ተፋ፣ ሞቀ።

"ይሄ ሙቀት እያለህ ሃያ ቀን ታስለፋኛለህ?" አለች ዶሮዋ።

"ማን ቀሰቀሰኝ" አለ ሽማግሌው። ከዚያ ዝቅ ብሎ አየ። "አንተ ጥቁሩ፣ አለህ እንዴ?"

"አለሁ። አንተስ?"

"የዶሮ አልጋ ሆኜ።"

"በል ጉረሰኝ።"

ጎረሰው። ክርር አለ፣ ክርር አለ፣ ቀጭ አለ። ቃሉም ፊቱ ላይ ወጣ። አቶ ወርቅአገኘሁ ከምሳ ሲመለስ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ብርሃን አየና ገባ። መነጽሩን አደረገ። አነበበ።

"የመዝጊያው ቦታ፦ ከዋንዛው ዛፍ ወደ መዝገብ ቤቱ ሦስት እርምጃ። ከዚያ አንድ ክንድ ወደ ታች።"

ወደ በሩ ወጣ። "ጥሩሰው፣ ነይ እስቲ።"

"ማመልከቻውን ገና አላጻፍኩም።"

"ተይው ማመልከቻውን። አካፋ አምጪ።"

ከዋንዛው ተነሥቶ ቆጠረ። አንድ። ሁለት። ሦስት ሲል ከአህያዋ ሆድ ጋር ተጋጨ።

"ዞር በይ" አላት።

"ወዴት ልዙር? ሁልጊዜ የምታሰረው እዚሁ ነው።"

ፈቷት። የቆመችበትን ቆፈሩ። አንድ ክንድ ሲወርዱ አካፋው ብረት ነካ። አቶ ወርቅአገኘሁ ማህተሙን መሬት አስቀመጠና ብረቱን በሁለት እጁ ጠመዘዘው። ቦኖው መጀመሪያ ነፋስ ተፋ። ቀጥሎ ቀይ ጭቃ ተፋ። በሦስተኛው ውኃ ሆነ።

እመት አህያ ጉድጓዱን አየችው። "ለካ ወንዝ ለወንዝ ስንከራተት አርፌ የምቆመው ውኃው ላይ ነው" አለች። ሄዳም ጠጣች፤ ብዙ ጠጣች።

በማግስቱ ዶሮዋ አሥራ አንድ ጫጩት ፈለፈለች። በወሩ አህያዋ በሰላም ወለደች። ወይዘሮ ጥሩሰው ውርንጭላውን "ፍሎፒ" አለችው። አቶ ወርቅአገኘሁ የጥላዬን ቃል በወረቀት ገልብጦ ሦስት ማህተም መታበት። አይጧ አሸተተችውና "ይመራል፣ አልበላውም" አለች። አዲሱ ኮምፒውተርም ሽማግሌው አጠገብ ተቀምጦ የዱሮውን ፊደል ይቆጥራል። አያ ፍሎፒ መሳቢያው ውስጥ ነው፤ አሁን ግን መሳቢያው አይቆለፍም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ያወቀ ሰው ሲሞት የጻፈው ይቀራል። የጻፈውን የሚያነብ ከጠፋ ግን፣ ውኃው በእግር ሥር እያለ በአህያ ይቀዳል።

የእኔ ነገር እዚህ ላይ አለቀ። ጉሮሮዬ ደርቋል፤ ከቦኖው አንድ ጣሳ አቀብሉኝ።