ተቃዋሚ የጠፋበት የደጃዝማች ፓርላማ

የኛ አገር ቅዳሜ ገበያ እስከ ዛሬ ወንዙ ዳር ነው የሚቆመው። ለምን ብላችሁ ሽማግሌ ብትጠይቁ የባሻ ገረመውን ወሬ ይጀምርላችኋል። እኔም እንደሰማሁት ነው የምነግራችሁ። የጨመርኩት የለም፤ የረሳሁት ግን ሊኖር ይችላል።

ባሻ ገረመው ከመልእክተኞች ጋር በአስተርጓሚነት እንግሊዝ አገር ሄዶ፣ ስድስት ዓመት ኖሮ የተመለሰ ሰው ነው። ገዥው ደግሞ ደጃዝማች ማንያዘዋል ነበሩ። ደጃዝማች በጣም ወፍራም ናቸው፤ አንድ እግራቸው ብቻ የሰው ወገብ ያክላል ይባል ነበር።

አንድ ቀን ደጃዝማች ገበያው ከወንዙ ዳር ተነስቶ ከሰገነታቸው ፊት ለፊት፣ ኮረብታው ላይ ይሁን ብለው አዘዙ። ቁጭ ብለው ሊያዩት አስበው ነው። ሰው ሁሉ እጅ ነሳ። እንየው የሚባል ቀጭን ገበሬ ብቻ «ጌታዬ፣ እዚያ ውሃ የለም። ከብቱ ምን ይጠጣል?» አለ። ያኔውኑ በቀጭን እግሩ ልክ እግር ብረት አሠርተው አሰሩት። «ገበያው ጥሩ ነው» እስኪል አይፈታም ተባለ። እሱም አልልም አለ።

ሚስቱ አትጠገብ ባሻ ቤት መጣች።

«ባሻዬ፣ እግሩ ቆስሏል። እንዲህ ከቆየ ክረምቱን አይወጣውም። ደጃዝማች እርስዎን ይሰማሉ።»

«እኔን አይሰሙም ልጄ። የሚሰሙት እንግሊዝን ነው።»

«እንግዲያው እንግሊዝን ይላኩልኝ!» አለችው።

ባሻ ነጠላውን አንስቶ ወጣ።

*

ደጃዝማች ምሳ ላይ ነበሩ። «ና እስቲ ገረመው፣ እንግሊዝን የሚገዛው ማነው? ንጉሡ አይደለም?»

«ንጉሡ ዙፋኑ ላይ ይቀመጣል፣ ዘውዱን ይጭናል፣ ዘንድሮ መንግሥቴ እንዲህ እንዲህ ይሠራል ብሎ ንግግር ያነባል።»

«ንግግሩን ማን ይጽፍለታል?»

«ሕዝብ የመረጠው ጠቅላይ ሚኒስትር።»

«የማይስማማበት ነገር ተጽፎ ቢመጣስ?»

«ያነበዋል ጌታዬ። ድምፁ ግን ትንሽ ይቀንሳል።»

ደጃዝማች ለንጉሡ አዝነው መብላት አቆሙ። ባሻ ስለ እንየው ሊያነሳ አፉን ሲከፍት «ዛሬ አይደለም» ብለው አሰናበቱት።

*

በነጋታው አጋፋሪያቸውን ልከው አስጠሩት። ባሻ አጋፋሪውን ከሩቅ ሲያየው ጠበቀና፣ ልክ ደጃፉ ሲደርስ በሩን ፊቱ ላይ ድርግም አድርጎ ዘጋው። አጋፋሪው በዘንጉ ሦስት ጊዜ ሲያንኳኳ ከፈተለት።

ደጃዝማች ተቆጡ። «የኔ መልእክተኛ ላይ በር ትዘጋለህ?»

እዚህ ላይ እኔ ብሆን እንኳን መመለስ፣ መተንፈስም አልችልም። ባሻ ግን ረጋ ብሎ መለሰ፦ «ለክብርዎ ብዬ ነው። እዚያ አገር የሕዝብ እንደራሴዎች በር የሚዘጉት በንጉሥ መልእክተኛ ላይ ብቻ ነው።»

የደጃዝማች ቁጣ በረደ። ከዚያ በኋላ አጋፋሪው በተላከ ቁጥር «ዘጋብህ?» ብለው ይጠይቁት ነበር። አልዘጋም ካለ ይከፋቸዋል።

*

ፊታውራሪ አያናው ደግሞ ነበሩ፣ የደጃዝማች አማካሪ። በዚያው ሰሞን የአጎታቸውን ልጅ ጉንጩን ስመው ከሸኙት በኋላ መንገድ ላይ ሰው አድፍጦ ገደለው፤ አገሩ በሙሉ ማን እንዳስገደለው ያውቃል፤ ማንም አይናገርም።

እኚህ ፊታውራሪ አንድ ቀን ደጃዝማች ፊት «ፓርቲ የሚሉት ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ባሻ አስረዳ። «ሁለት ወገን ሆነው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። መሐላቸው መሬቱ ላይ ሁለት መስመር ተሰምሯል፣ ሁለት ሰይፍ ቢመዘዝ እንዳይገናኝ ተብሎ። ከመስመሩ ሳያልፉ ሲዘላለፉ ይውሉና፣ ሲወጡ አብረው ሻይ ይጠጣሉ።»

«ኤዲያ! ምን ዓይነት ነውረኞች ናቸው? ሲሰድበኝ ከዋለ ሰው ጋር ሻይ?»

«እውነትዎን ነው ፊታውራሪ፤ እኛ ተሳስመን ነው የምንጋደለው።»

ሰው ሁሉ የራሱን እግር ማየት ጀመረ። በኋላ ደጃዝማች ሳቁ። ያን ጊዜ ፊታውራሪም ሳይቀሩ ሁሉም ሳቀ።

*

ከዚያ የእንግሊዝ ቆንስል ሊጎበኝ ይመጣል የሚል ወሬ ደረሰ። ደጃዝማች ባሻን ጠርተው «በሦስት ቀን ውስጥ ፓርላማ ሥራልኝ» አሉ።

ባሻ አዳራሹ ውስጥ አግዳሚ ወንበር በግራና በቀኝ አስደረደረ። «ገዥው ወገን በቀኝ፣ ተቃዋሚ በግራ» ሲል መኳንንቱ በሙሉ ቀኝ ላይ ተደራርበው ተቀመጡ። አንዱ ወንበር ተሰበረ። ግራው ባዶ።

ደጃዝማች «ግራ የሚቀመጡት ምን ይጠብቃሉ?» አሉ።

«ተራቸውን። ሕዝቡ እንደገና ሲመርጥ የግራዎቹ ወደ ቀኝ ይሻገራሉ፣ የቀኞቹ ወደ ግራ።»

«እኔም?»

«ኧረ እኔ የማወራው ስለ እንግሊዝ ነው ጌታዬ።»

«እህ፣ እንደዚያ በል» ብለው ተረጋጉ። ከዚያ ወደ መኳንንቱ ዞረው «ግማሻችሁ ተሻገሩና ተቃወሙኝ!» ብለው ጮኹ።

«እሺ ጌታችን» ብለው ተሻገሩ። ፊታውራሪ አያናው ተነስተው ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «እኔ ደጃዝማችን አጥብቄ እቃወማለሁ! ለኛ ሲሉ በጣም እየደከሙ ነው፣ ትንሽ ይረፉ!»

ባሻ ራሱን ነቀነቀ። «ቆንስሉ እውነተኛውን ሲያይ የኖረ ሰው ነው። በዚህ አይታለልም።»

«ታዲያ ተቃዋሚ ከየት ላምጣ?»

«በአገሩ ያለው አንድ ብቻ ነው። እሱንም እንዳይጠፋብን ብለው በብረት አስቀምጠውታል።»

*

እንየው ተፈትቶ፣ ሰውነቱን ታጥቦ፣ እያነከሰ መጥቶ ግራው ላይ ብቻውን ተቀመጠ። ቆንስሉም በሰዓቱ ደረሰ። ደጃዝማች «ገበያው ኮረብታው ላይ ይሁን ብለናል» ሲሉ ቀኙ በሙሉ «ይሁን! ይሁን!» አለ።

እንየው ተነሳ። «ጌታዬ፣ እዚያ ውሃ የለም። ከብቱ ምን ይጠጣል?»

ቆንስሉ አጨበጨበና በባሻ አፍ «ብዙ አገር ዞሬያለሁ። እንዲህ ያለ ደፋር ተቃዋሚ ፊቱ አስቀምጦ የሚሰማ ገዥ ግን አላየሁም» አላቸው። ደጃዝማች በግድ ፈገግ ብለው እጅ ነሱ።

የቆንስሉ በቅሎ ገና መታጠፊያውን እንዳለፈች «ያንን ብረት አምጡ!» አሉ።

አትጠገብ ለባሏ ያጠበችውን ጋቢ ይዛ በር ላይ ቆማለች። ወታደሩ ብረቱን አምጥቶ እንየው እግር ሥር አስቀመጠው።

«ጌታዬ» አለ ባሻ፣ «መጀመሪያ ቀጥቃጩ ይጠራ።»

«ቀጥቃጭ ምን ያደርጋል?»

«ብረቱን ሰፋ ያድርገው። የተሠራው ለእንየው እግር ነው፤ ወንበሩ ሲለዋወጥ እርስዎን እንዳይጠብዎት።»