የተሰፋው ገበቴ

ከግንቧ ይልቅ በበሮቿ በምትታወቅ አንዲት የድሮ ከተማ፣ ከምሥራቁ በር አጠገብ፣ ሸህ ቡሽራ የሚባሉ አዛውንት ይኖሩ ነበር። ጧት ጧት ቁርኣን ያቀራሉ፤ ከዙህር ሶላት በኋላ ደግሞ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው የተሰነጠቀ ገበቴ፣ የተቀደደ ወንፊት፣ እጀታው የወለቀ ማንቆርቆሪያ ይጠግናሉ። የተማሩ ዓሊም ሆነው ወንፊት መስፋታቸውን አይተው የሚያፍሩላቸው ሰዎች አልጠፉም። እሳቸው ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጫማቸውን በገዛ እጃቸው ይሰፉ እንደነበር ያስታውሷቸውና ወደ ወንፊታቸው ይመለሳሉ።

አንድ ቀን ሐፍሳ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት፣ በነጠላዋ የሸፈነችው ነገር በእቅፏ ይዛ መጣች። ገበቴ ነበር።

በዚያች ከተማ ልማድ፣ ኒካሑ ከመታሰሩ በፊት የወንዱ እናት ሙሽራዪቱ ቤት ሄደው ከቤቱ ገበቴ ትኩስ ወተት ይጠጣሉ። ገበቴው ከእናት ለልጅ የሚወርድ ነው። ወተቱ ካንጠባጠበ፣ ዕቃ መያዝ ያልቻለ ቤት ትዳር እንዴት ይይዛል ይባልና ሠርጉ ይቀዘቅዛል። ሐፍሳም ለልጇ ለሩማና ሠርግ አዲስ ይምሰልልኝ ብላ ገበቴውን በአመድ ፈትጋ አጠበችና ፀሐይ ላይ አሰጣችው። እርጥብ እንጨት ፀሐይ ላይ እንደማይሰጣ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ደስታ ግን ያዘናጋል። ተመልሳ ስታየው ከአፉ እስከ ሆዱ ተሰንጥቋል።

"የአያቴ ነበር፤ እናቴንም እኔንም የዳረ ነው" አለች፣ ነጠላውን እየገለጠች። "በእኔ እጅ ሞተ፣ ሸሆቼ።"

ሸሁ ገበቴውን ተቀብለው ስንጥቁን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

"አልሞተም፣ ልጄ። ጠምቶታል።"

"ጎረቤቴ ዙልፋ፣ ሰምና ጥላሸት ቢሞሉበት አይታወቅም ብላኛለች። ለአንድ ፉት ብቻ ይያዝልኝ።"

"ከዚያስ በኋላ?"

"ከዚያ በኋላማ ኒካሑ ታሰረ!"

ሸሁ ፈገግ አሉ። "እኔ የተማርኩት መጠገን ነው። መደበቅ ሌላ ሙያ ነው። አስተማሪው ብዙ ነው፤ እኔ ግን አልቀራሁትም።"

"እንግዲያው ልጣለውና የሰው ልዋስ?"

"ይህን ዋንዛ አላህ ስንት ክረምት አጠጥቶ አሳድጎታል። አንድ ቀን ፀሐይ መታው ብሎ መጣል ኢስራፍ ነው፣ የአላህን ጸጋ ማባከን። እሰፋልሻለሁ። ስፌቱ ግን ይታያል።"

"አይተው ልጄን ቢተዉብኝስ?"

ሸሁ ገበቴውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

"እሱን አላውቅም" አሉ። "የማውቀው ወተቱ እንደማይፈስ ብቻ ነው።"

ሐፍሳ አልቅሳ ሄደች። ገበቴውን ግን ይዛው አልሄደችም።

ሸሁ እንጨቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው አሳደሩት፤ ስንጥቁም በራሱ ጊዜ ከንፈሩን ገጠመ። ከዚያ በጋለ ወስፌ ግራና ቀኙን እየበሱ፣ ቀጭን የናስ ሽቦ እያስገቡ፣ እንደ ልብስ ሰፉት። ቀዳዳዎቹን በሙጫ ደፈኑ፤ ሲደርቅም ቅቤ አጠጡት።

የወተቱ ቀን ደረሰ። ሐፍሳ ገበቴውን ከሸሁ ተረክባ ቤቷ ስትሰቅል የተሰፋውን ጎን ወደ ግድግዳው አዞረችው፤ እጇ ያደረገውን ልቧ እንዳላየ ሆኖ አለፈ። የሙሽራው እናት እትዬ ተይባ ከዘመዶቻቸው ጋር ገቡ፣ ተቀመጡ። ትኩሱ ወተት ተቀዳ። እትዬ ተይባ ገበቴውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ ወደ አፋቸው ሳያደርሱትም አውራ ጣታቸው ከሽቦው ላይ አረፈ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ጌጥ ነው!" አለች ዙልፋ፣ ማንም ሳይቀድማት። "የድሮ ሰው ሥራ። ዛሬ እንዲህ ያለ ጌጥ የት ይገኛል?"

"ማሻአላህ" አሉ ከእንግዶቹ አንዷ።

'ጌጥ' የሚለው አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ያውም ሐፍሳ ራሷ ሳትናገረው የተባለ ነው፤ ዝም ብትል ነገሩ ባለቀ። ከመጋረጃው በስተጀርባ የሩማና ኮቴ ቀጥ ብሎ ሲቆም ሰማች።

"ጌጥ አይደለም፣ እትዬ ተይባ" አለች። "እንዲያምር ብዬ ከነእርጥቡ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፣ ተሰነጠቀ። የሰነጠቅኩት እኔ ነኝ። ሸህ ቡሽራ ሰፉልኝ።"

እትዬ ተይባ ወተቱን አዩ፤ የገበቴውን ሥር አዩ፤ ጭናቸውንም አዩ። ጠብ ያለ ነገር የለም። "ቢስሚላህ" ብለው ጠጡ። አንድ ፉት ብለው አላቆሙም፤ እስከ ታች ጨረሱት።

"የእኔው ከዚህ የባሰ ነው" አሉ ከንፈራቸውን እየጠረጉ።

"የቱ?" አለች አብራቸው የመጣችው እህታቸው። "ያ ቤትሽ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው?"

"እሱ ነዋ። ገና ሙሽራ ሳለሁ ከእጄ ወደቀ። አማቴ እንዳያዩብኝ ብዬ በሰም ደፈንኩት። ይኸው ፀጉሬ ሸበተ፣ ጠጥቼበት አላውቅም። እንግዳ ባደነቀልኝ ቁጥር ደንግጬ ወሬ እቀይራለሁ።"

"ለካስ ለዚህ ነው 'አቧራ ይነካዋል' እያልሽ የማታስነኪን!"

"ዝም በይ አንቺ!" አሉ እትዬ ተይባ፤ ግን ከሁሉም ቀድመው የሳቁት እሳቸው ነበሩ። ሐፍሳ ሳቋና እንባዋ ተቀላቀለባት። ዙልፋም ሳቀች፤ እሷስ ምን ታድርግ።

ኒካሑ ታሰረ። በማግስቱ እትዬ ተይባ በነጠላቸው የሸፈኑትን ነገር አቅፈው ከምሥራቁ በር አጠገብ ታዩ። ሸህ ቡሽራ የደረቀውን ሰም በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ እያደረጉ እንዲህ ብቻ አሉ፦

"የተሰፋ ገበቴ ወተት ይይዛል። ስንጥቁ የተደበቀው ግን ግድግዳ ይዞ ይኖራል።"

ሸሁ የተናገሩት ስለ ገበቴ ነው፤ ሌላ ነገር ማለታቸው እንደሆነ የጠየቃቸው የለም። እኛ ግን ስንሰማው ቤታችን ግድግዳ ላይ ያለው ትዝ ይለናል፤ ሰው ሲያደንቅልን የምንደነግጥለት፣ እኛ ግን የማንጠጣበት። ጌታችን ስንጥቁን ሳንነግረው ያውቃል፤ ተጸጽተን የምናደርገው ተውበት ለእሱ አዲስ ወሬ አይደለም። ተሰፍተን ወደ ሥራችን የምንመለሰው እኛው ነን፤ ስፌቱ ቢታይም ይታይ።

ሩማና ዛሬ የልጆች እናት ናት። ከእናቷ በወረደላት ገበቴ ወተት ስታቀርብ አውራ ጣቷ ሁልጊዜ ሽቦው ላይ ያርፋል ይላሉ። ገበቴው ቅቤ የጠገበ ስለሆነ ሌላው ቦታው ያዳልጣታል።