የቀኛዝማች ጓንጉል መቀመጫ

ሠርግ ቤት ወንበርና ጠረጴዛ መደርደር ቀላል ሥራ አይምሰላችሁ፤ ሰው ፊቱን ለአንዱ ሲሰጥ ጀርባውን ለሌላው መስጠቱ አይቀርም። አንድ ምላሰኛ ወንበር ደርዳሪ ዳሱን አስተካክሎ ሲጨርስ ቀኛዝማች ጓንጉል ከች አሉ።

«አንተ! እኔ ስቀመጥ ማንም ጀርባውን እንዳይሰጠኝ፤ ማንም ከእኔ በላይ እንዳይሆን፤ የሰው ሁሉ ዓይን እኔ ላይ ይሁን። አለዚያ ከምሰሶው ጋር አስርሃለሁ!»

ወንበራቸውን መሐል ቢያደርገው ግማሹ ሰው ጀርባውን ሰጣቸው። ጥግ ቢወስደው ከፍ ብለው የተቀመጡት ሙሽሮች በለጧቸው። ጠረጴዛ ላይ ቢያወጣው ጭንቅላታቸው የዳሱን የቅጠል ጣሪያ በስቶ ወጣና ለእድምተኛው እግራቸው ብቻ ቀረ።

«እሰሩት!» ሲሉ ከጣሪያው በላይ ጮኹ።

ደርዳሪው ግን ጎንበስ ብለው ወደ ዳሱ ውስጥ እስኪያዩ ጠብቆ ለቁርጥ የተሰቀለውን የበሬ ሥጋ በጣቱ አሳያቸው። እድምተኛው ቢላዋ ቢላዋውን ይዞ ዓይኑን ከሥጋው አልነቀለም።

«ጌታዬ፣ ከሁሉ በላይ የሆነ፣ ጀርባ የማይሰጡት፣ ሁሉ የሚያየው ቦታ እዚህ ዳስ ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም በሬው ማልዶ ያዘብዎ። ካሉኝ አስነሥቼው እርስዎን አስቀምጣለሁ፤ ብቻ እድምተኛው ቢላዋውን እንደያዘ ነው።»