የእንየው መውረጃ

ልጄ ኪሩቤል ባለፈው ጥቅምት በአራት ዓመቱ አረፈ።

ከመንደራችን በታንኳ ጣናን የሚሻገር ሰው የሚወርደው እንየው መውረጃ በሚባል ድንጋያማ ዳር ነው። እዚያ ቀዛፊው መንገደኛውን አውርዶ ወዲያው አይመለስም፤ የወረደው ሰው ዞሮ «አሰናብቼሃለሁ» እስኪለው ድረስ ታንኳውን ይዞ ውኃው ውስጥ ይቆማል።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት ልማዱ የመጣው ሐይቁ የራሱ ሠራዊት በነበረው ዘመን ነው። ሠራዊቱ ሁለት ወገን ነበር፤ ታንኳ የሚቀዝፉትና በታንኳ ሄደው ዳር ላይ ወርደው የሚዋጉት ጦረኞች። ጦረኞቹ ከቀዛፊዎቹ ስንቅ ይበላሉ፣ ውኃ ላይ እስካሉ ለቀዛፊዎቹ ሹም ይታዘዛሉ፤ መሬት ሲረግጡ ግን የሚሰሙት የራሳቸውን አለቃ ብቻ ነበር። ቀዛፊዎቹ «ጭነት» ይሏቸዋል፤ እነሱም «እናንተ መሬት የምትፈሩ» እያሉ ይመልሱላቸው ነበር ይባላል። የታንኳዎቹ ሹም ባንታምላክ የሚባል ሰው ሲሆን፣ የጦረኞቹ አለቃ ደግሞ ልጁ እንየው ነበር።

አንድ ጊዜ ከብት ዘራፊዎችን ለመውጋት ሁለት ቀን ሐይቁ ላይ ቆይተው ጠዋት እዚህ ዳር ደረሱ። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ ታንኳዎቹ ከብደው ስለነበር ፀሐይ ላይ ካልደረቁ ለመመለሻ አይሆኑም።

«አባቴ፣ እስክንመለስ እዚሁ ይጠብቁን» አለ እንየው።

«የታንኳውን ነገር ለእኔ ተወው።»

«ሁለቱን እንኳ ይተዉልን።»

«መሬት ላይ አዛዡ አንተ ነህ፣ ገብቼብህ አላውቅም። ውኃው የእኔ ነው። በል ውረድ፣ ጭነት!» አለ አባትየው፤ ቀዛፊዎቹ ሳቁ።

ባንታምላክ ታንኳዎቹን በሙሉ ፊት ለፊት ወዳለችው ደሴት ወስዶ ለፀሐይ አቆማቸው። ስለ ደንገሉ አልተሳሳተም ይላሉ ሽማግሌዎቹ። እኩለ ቀን ላይ ጦረኞቹ ተሸንፈው ወደ ዳር ሸሹ፤ ውኃው እስከ ወገባቸው፣ ከዚያም እስከ አንገታቸው እስኪደርስ ገብተው ተጣሩ። ታንኳ ተጎትቶ፣ ውኃ ላይ ወርዶ፣ ተቀዝፎ ሲደረስ ከአርባው ጦረኛ የተገኙት ዘጠኝ ናቸው። እንየው ከእነሱ ውስጥ አልነበረም።

ባንታምላክ ታንኳውን ይዞ እዚያው ዳር እስኪመሽ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ያወረደው ሰው ሳያሰናብተው ታንኳውን የሚያዞር ቀዛፊ እንዳይኖር፣ ታንኳ ማቆየትም ማሰናበትም የወረደው ሰው ሥልጣን እንዲሆን ደነገገ ይባላል። እሱን ግን የሚያሰናብተው ስላልነበረ እስኪሞት ከዚያ ዳር አልራቀም የሚሉ አሉ።

ኪሩቤልን አዝዬ ወደ ሐኪም ስወስደው ያሻገሩን አያ ምናሉ ነበሩ። ወርጄ ዳገቱን ስጣደፍ ቃሉን ረሳሁት። አያ ምናሉ ውኃው ውስጥ ቆመው ቀሩ። ልጄ ከጀርባዬ ላይ እንደምንም ዞረና፣

«አያ ምናሉ፣ አሰናብቼሃለሁ» አላቸው።