የጓንጉል አባቶች

በአንድ ወቅት፣ አገሩ ሁሉ ለአዲሱ መታወቂያ ሲሰለፍ በነበረበት ሰሞን፣ በለጡ ጓንጉል የምትባል ሴት ቀበሌ ሄደች። ጸሐፊው ስሟን ጻፈ፤ የአባቷንም ጻፈ።

«የአያት ስም?»

በለጡ የአያቷን ስም አታውቅም። አባቷ ስለ አባቱ ሲጠየቅ «እኔ የሰው ልጅ ነኝ» ብሎ በሳቅ ያልፍ ነበር። ሳይናገር ሞተ።

«እማማ፣ ያለ አያት የተወለደ ሰው አለ እንዴ?»

«አንተ፣ እስከ ሐሙስ ታገሠኝ! ስድስት ወንድሞቼ እኔ ያስጻፍኩትን ነው የሚያስጽፉት።»

በቀጥታ አያ ጎሹ ዘንድ ወጣች። ከአባቷ ጋር ካደጉት የቀረው እሱ ብቻ ነው።

«ልጄ፣ አባትሽ ዝም ያለው አባት አጥቶ መሰለሽ? በዝቶበት ነው!» አላት።

«ወላጁ መኩሪያ ይባላል። በረሃቡ ዘመን ሚስቱ መንገድ ላይ ሞተችበት። ሕፃኑን ታቅፎ እዚህ ሲደርስ ውርጭ ነው። ከአንድ ቤት ደጃፍ ተጣራ፤ የሰማው የለም። ጋቢውን አውልቆ ልጁን ጠቀለለበት። ሲነጋ በሩ ሲከፈት አባትየው ደርቋል፣ ልጁ ይሞቃል። ስሙን የነገሩን አብረውት የተሰደዱት ናቸው።

«የቤቱ ባለቤት ይመር ይባላል። አራት ልጆች አሉት፣ እህሉ ለእነሱም አልበቃ። እንደ አገሩ የማደጎ ልማድ አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ አጠባውና ‹የጡት ልጄ ነው፤ ከእኔ ድርሻ ይብላ› አለ። ጓንጉል ብሎ ስም ያወጣለትም፣ አሳድጎ የዳረውም እሱ ነው።

«ይመር ሲሞት ልጆቹ ‹ርስት በደም ነው› ብለው ጓንጉልን ሊያባርሩት ተነሡ። ያን ጊዜ አሊጋዝ፣ ልጅ ያልወለደ ጎረቤት፣ ነገሩን ለመዳኘት ከተቀመጡት ሽማግሎች መሐል ብድግ አለ። መስቀል ጨብጦ ‹ከአብራኬ የወጣ ልጄ ነው› ብሎ ማለ። ውሸቱን ማን ያጣዋል? መሐላን ግን ማን ይገፋል? የራሱን ርስት አወረሰው። ከዚያ ቀን ወዲያ ግን የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር አላለፈም፤ ከውጭ ተሳልሞ ይመለስ ነበር፣ እስኪሞት።»

በለጡ ወደ ሽማግሌው ቀረብ አለች። «አባቴ የማንን ተዝካር አወጣ?»

«የሦስቱንም። አንዱን መምረጥ ፈርቶ ለእናንተ ተወው።»

ሐሙስ ዕለት ጸሐፊው «እህ፣ እማማ፣ ተገኘ?» አላት።

«ሦስት ናቸው።»

«ቦታው የሚይዘው አንድ ስም ነው።»

«እንግዲያ ቦታውን አስፋዋ!»

የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ አንዱን ስታስጽፍ ሁለቱን ከዘሯ አፍ ልታጠፋ ነው።

በሉ እንግዲህ ፍረዱ፤ ጸሐፊው እየጠበቀ ነው። ከጓንጉል ቀጥሎ ሊጻፍ የሚገባው የማን ስም ነው፤ የመኩሪያ፣ የይመር ወይስ የአሊጋዝ?